ቲቸር አስካለ የወደቀችበት ሜዳ

የአስካለን ሞት የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ከገበያ እየተመለስኩ ነበር፤ ጎመንና ድንች የያዘውን ዘንቢል ጭኔ ላይ አድርጌዋለሁ። ሾፌሩ እኛ ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ነው። በመስተዋቱ አየኝና፣ «እትዬ አልማዝ፣ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው ያሉት፤ ልጠብቅዎት?» አለኝ።

«የማን ቀብር?» አልኩት።

መርዶ እንዲህ እንደማይነገር ያውቃል። በእኛ አገር ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በር አንኳኩቶ ነው የሚነገረው። ባጃጁን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋና እጆቹን መሪው ላይ እንዳደረገ፣ «ቲቸር አስካለ» አለ። ሞተሩን አስነሣና ቤቴ አደረሰኝ። ዘንቢሉን ራሱ ተሸክሞ ደጄ ላይ አስቀመጠው። «ይቅርታ እትዬ፣ የሰሙ መስሎኝ ነው» አለኝ። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም።

አስካለ ወላይታ ሶዶ ውስጥ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህርት ነበረች፤ የልጃገረዶቹን የቅርጫት ኳስ ቡድንም ታሠለጥን ነበር። እኔ በዚያው ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ታይፕ ተምሬ የገባሁበትን ሥራ ጡረታ እስክወጣ አልለቀቅሁም። በዕድሜ እበልጣታለሁ። እኔ «አንቺ» እላታለሁ፣ እሷ «እትዬ» ትለኛለች። ጓደኛሞች ነበርን ለማለት ይከብደኛል። ለበዓል ካልሆነ ቤቷ አልሄድም ነበር፤ እሷም የልቧን የምታወራ ሰው አልነበረችም። ይሁን እንጂ አብሬያቸው ከሠራሁ ሰዎች ሁሉ ደጋግሜ የማስበው እሷን ነው።

ቅርጫት ኳስ ሲባል ሰው ረጅም ሴት ይጠብቃል። አስካለ አጭር ነበረች፤ ወገቧ ሰፊ፣ ባቷ ወፍራም፣ ስትራመድ መሬቱን ጠበቅ አድርጋ የምትረግጥ። ከሶዶ ራቅ ያለችው የገሱባ ከተማ ልጅ ናት። አንድ ጊዜ ዳይሬክተሩ፣ «በዚህ ቁመት ቅርጫት ኳስ እንዴት ተጫወትሽ?» ቢላት፣ «ረጃጅሞቹ ላይ ላዩን ሲያዩ እኔ በታች አልፋለሁ» አለችው። ስታወራም ሆነ ስታዳምጥ ጣቶቿ አያርፉም ነበር። በመምህራን ስብሰባ ጠረጴዛውን፣ ስብከት ላይ ጉልበቷን፣ በጣቶቿ ጫፍ ቀስ እያደረገች ትመታለች። መዳፏ አይነካም። «በመዳፍ ኳስ ይደበደባል፣ በጣት ግን ይታዘዛል» ትላቸው ነበር ልጆቹን።

ሜዳው ከቢሮዬ መስኮት ይታያል። ቀይ አፈር ነው፤ ከዳሞታ ተራራ በኩል ወደ ታች ያዘነበለ። ያመለጠ ኳስ ቁልቁል ይወርድና የዘበኛው የጎመን መደብ ውስጥ ገብቶ ይቆማል። ዘበኛው ኳሱን ይዞ ሲመጣ፣ «ይኼ ኳስ ጎመን እንዲህ ከወደደ ለምን አትቀቅሉለትም?» ይላል። በየቀኑ ይኼንኑ ነው የሚለው፤ ልጆቹም በየቀኑ ይስቃሉ። ልምምድ ሳይጀምሩ ጎንበስ ብለው ጠጠር ይለቅማሉ፤ ጠጠር ላይ ያረፈ ኳስ ወዴት እንደሚነጥር አይታወቅምና። በክረምት ኳሱ ጭቃ ይሸከማል፣ በበጋ አቧራው ዓይን ያስጨፍናል። አስካለ አታማርርም ነበር። «እዚህ ሜዳ ላይ ኳስ ያልተቀማ የትም ሄዶ አይቀማም» ትላለች።

እኔ ታይፕ እየመታሁ የኳሱን ድምፅ እሰማለሁ። ከጊዜ በኋላ ቀና ብዬ ሳላይ ማን እንደያዘችው መለየት ጀመርኩ። የብዙዎቹ ኳስ ከፍ ብሎ፣ ዘግየት እያለ ይወድቃል። የሩት ግን ዝቅ ያለና ፈጣን ነበር፤ በቆሎ ብረት ምጣድ ላይ ሲንጣጣ የሚሰማውን ዓይነት።

ሩት የአቶ ጳውሎስ ልጅ ናት። አቶ ጳውሎስ ገበያው አጠገብ ልብስ ይሰፋል፤ በቤተ ክርስቲያናቸው ደግሞ ሽማግሌ ነው። ልጁ ቡድን ውስጥ መግባቷን ሲሰማ ኮቱን ለብሶ ዳይሬክተሩ ቢሮ መጣ። አስካለም ተጠርታ ገባች። እኔ በሩ አጠገብ ስለምቀመጥ ሁሉንም ሰማሁ።

«ልጄ በቁምጣ ሜዳ ላይ አትሮጥም» አለ አቶ ጳውሎስ።

«እንግዲያስ ሱሪውን እርስዎ ይስፉላት» አለች አስካለ። «እስከፈለጉበት ያስረዝሙት። እግሯን ጠልፎ እንዳይጥላት ብቻ።»

አቶ ጳውሎስ አገጩን እያሻሸ ጥቂት አሰበ። «ለአንዷ ብቻ ከሰፋሁ ሌሎቹ ይከፋቸዋል» አለ። ለሁሉም ሰፋ፤ ከጉልበት በታች የሚወርድ ሰማያዊ ሱሪ። ሁለተኛው ቅድመ ሁኔታው ደግሞ ልጆቹ ከከተማ ሲወጡ አንዲት ትልቅ ሴት አብራ እንድትሄድ ነበር። ዳይሬክተሩ አንገቱን በበሩ ብቅ አድርጎ እኔን አየኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቡድኑ እናት ተባልኩ። አልጠየቁኝም፤ እኔም እንቢ አላልኩም።

ልጆቹ እርስ በርስ ሲጫወቱ ደህና ነበሩ። ችግሩ የታየው ከሴት መምህራን ጋር ለወዳጅነት የተጫወቱ ጊዜ ነው። መምህራኑ መሮጥ አይችሉም፣ ኳስም አያውቁም። አንዷ ቀሚስ እንደለበሰች ነበር የገባችው። ያም ሆኖ ልጆቹ ተሸነፉ። መምህራኑ ፊታቸው በቆሙ ቁጥር ልጆቹ ይቆማሉ፣ ዳር ይይዛሉ፣ አንዳንዷም ኳሱን በሁለት እጇ አክብራ ትሰጣለች። በእኛ አካባቢ ልጅ ጠባብ መንገድ ላይ ከትልቅ ሰው ጋር ሲገናኝ ይቆማል፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ ያሳልፋል። ለዚህ ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምረውም፤ መራመድ ሲጀምር አብሮ የሚለምደው ነው። እነዚህ ደግሞ በደንብ ያደጉ ልጆች ነበሩ።

በማግሥቱ አስካለ ወደ ቢሮዬ መጣች።

«እትዬ፣ ነገ ጠፍጣፋ ጫማ ያድርጉ።»

«ለምን?»

«ተከላካይ ይሆኑልኛል።»

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«ዕድሜዎን ነው የፈለግሁት» አለችኝ፤ ጣቶቿ ጠረጴዛዬን እየመቱ።

ሜዳው መካከል አቆመችኝ። «እጅዎን ይዘርጉ፣ ጉልበትዎን ትንሽ ሰበር ያድርጉ። ከዚያ በኋላ ምንም አያድርጉ። እርስዎ መሆንዎ ብቻ ይበቃል።» የመጀመሪያዋ ልጅ ኳሱን እያነጠረች መጣችና አጠገቤ ስትደርስ ኳሱን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ይለፉ እትዬ» አለችኝ። ሌሎቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ሁለተኛዋ ቤት እንደሚዞር ሰው በሩቁ ዞራኝ ሄደች። ሩት ፈጥና መጣች፤ ስትደርስ ቆመች። ኳሱ እጇ ሥር ይነጥራል፤ ዓይኗ መሬት ላይ ነው።

«ሩት!» አለች አስካለ።

«እችላለሁ ቲቸር። ግን እትዬ አልማዝ ናቸው።»

«እትዬ አልማዝ መሆናቸውን አውቃለሁ። ያቆምኳቸው እኔ ነኝ።»

እንደገና መጣች። እንደገና ቆመች። በዚህ ጊዜ አስካለ አልተቆጣችም። ሩትን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው።

«እትዬ፣ አሁን ምን አደረጉ?»

«ምንም አላደረግሁም።»

«አደረጉ እንጂ። ስትቆምልዎት እጅዎን አወረዱ፤ ጉልበትዎንም አቀኑ።»

እውነቷን ነበር። መንገድ የተለቀቀለት ሰው ቀና ይላል፤ ለማለፍ ይዘጋጃል። ሰውነቴ ይህን ያደረገው ሳልነግረው ነው። አስካለ ኳሱን ከሩት ተቀበለችና ራሷ ወደ እኔ መጣች። ፈጥና መጥታ፣ ልትደርስብኝ ስትል ቀዝቀዝ አለች፤ ኳሱን ትንሽ ከፍ አድርጋ፣ ትከሻዋን ጣል፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ዳር፣ አንገቷን ደፋ። እኔም ቀና አልኩ። በዚያች ቅጽበት ኳሱ ከአንድ እጇ ወደ ሌላው በጉልበቷ ሥር ተሻገረ፤ አስካለም ከኋላዬ ነበረች። ስዞር ኳሱ ቅርጫት ውስጥ ሲገባ አየሁ።

ልጆቹ ይህን «መንገድ መልቀቅ» ብለው ሰየሙት። አስካለ የጨዋታዋን ትምህርት ሁሉ በዙሪያው ሠራችው። «ፍጥነት ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ፍጥነቱን መቀየር የሚችለው ግን ጥቂት ነው» ትላለች። «የተከላካይን ዓይን አትዪ፣ ዓይን ያታልልሻል። ጉልበቷን እዪ። ጉልበት ሲቀና ሂጂ።» ልጆቹ በግራ እጅ ማንጠር ያፍሩ ነበር፤ በግራ እጅ ሰው አይጨበጥም፣ ዕቃ አይሰጥም። «ኳስ እንግዳ አይደለም፣ አይቀየምሽም» ትላቸዋለች። ቤታቸው ሲጠርጉ መጥረጊያውን በግራ እንዲይዙ አዘዘቻቸው። አንዲት እናት ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ፣ «ልጄ ግቢውን በግራ እጇ እየጠረገች ግማሹን ትተዋለች» ብላ ከሰሰቻት።

ሩት ግን ሌላ ጥያቄ ነበራት። «ቲቸር፣ ይኼ ማታለል አይደለም?»

«ነው።»

«ኃጢአት አይሆንም?»

«አባትሽን ጠይቂው።»

በማግሥቱ አስካለ፣ «ምን አለሽ?» አለቻት።

«ኳሱ የማን ነው አለኝ። የትምህርት ቤቱ ነው አልኩት። እንግዲያስ ከማንም አልሰረቅሽም አለኝ።»

አስካለ እንደዚያ ስትስቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየኋትም።

ለብዙ ሳምንት ተከላካይ ሆንኩ። አንድ ቀን ሩት መጣች፣ ቀዘቀዘች፣ ዳር ያዘች። እኔ ዘዴውን አውቀዋለሁ፤ ያም ሆኖ ጉልበቴ ቀና አለ። ቀሚሴን ነፋስ ሲነካው ተሰማኝ፤ ልጅቷ የለችም። አልፋኝ ስትሄድ ግን አንገቷን ዞር አድርጋ አየችኝ፤ የገፋችኝ መስሏት ነው። በዚያች ቅጽበት ኳሱ ከእጇ አመለጠና ወደ ጎመኑ ወረደ። አስካለ ትከሻዋን ይዛ፣ «ስሚ» አለቻት። «ካለፍሻት በኋላ ያቺ ሰው የለችም። የቀረሽ ቅርጫቱ ብቻ ነው።» ሩት «እሺ ቲቸር» አለች። ያንን እሺታ ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ።

ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን በሆነበት ሰሞን የወረዳዎች ውድድር ሶዶ ላይ ተዘጋጀ። ከአዋሳ ሁለት ሰዎች መጥተው ለክልሉ ቡድን ልጆች እንደሚመርጡ ተነገረ። የተመረጠች ልጅ አዋሳ ትሠለጥናለች፤ ጎበዝ ከሆነች ክለብ ይቀጥራታል። አቶ ጳውሎስ ይህን ሲሰማ ለአስካለ ቁርጡን ነገራት። «ከተመረጠች እግዚአብሔር መንገድ ከፈተላት እላለሁ፤ ራሴ መኪና ላይ አሳፍራታለሁ። ካልተመረጠች ግን ይበቃታል። ልጅ ሆና ተጫውታለች፤ አሁን ሴት እየሆነች ነው።» ክፋት አልነበረበትም። ቃሉም ሚዛን ያጣ አልነበረም።

አስካለ በዚያ ሰሞን ከሳች። እሷ ራሷ ወጣት ሳለች ተመርጣ ነበር፤ መንግሥት ሲለወጥ ውድድሩም ምርጫውም ቀረ። ስለዚህ ነገር የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ከሥራ ስንወጣ። «እኔን የመንግሥት መለወጥ ነው ያስቀረኝ። ሩት በምን ትቀራለች?» አለችኝ።

የእኛ ልጆች የሚጫወቱት ከገሱባ ቡድን ጋር ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር የገሱባ መንገድ ተበላሽቷል። መኪናዋ ጭቃ ውስጥ ስትገፋ አርፍዳ ደረሰች። ከውስጧ የወረዱት አምስት ልጆች ናቸው፤ አንዷ ግን መንገዱን ሁሉ ስታስመልስ መጥታ መቆም አልቻለችም። በአራት ጨዋታ አይጀመርም። የውድድሩ ኃላፊ ገሱባ ቀርቷል ብሎ ሊያውጅ ሲነሳ፣ አስካለ ሁለቱን የአዋሳ ሰዎች አየች። ሰዎቹ ሰዓታቸውን እያዩ ነበር። ጨዋታ ከሌለ ሩትን ሳያዩ ሊሄዱ ነው።

«እኔ አምስተኛ እሆናለሁ» አለች።

«አንቺ የሶዶ አሠልጣኝ አይደለሽም እንዴ?»

«የተወለድኩት ገሱባ ነው። እናቴ አሁንም እዚያው ናት፤ ላስመሰክር?»

ሰው ሳቀ። ኃላፊውም ጨዋታው ከሚቀር ይሻላል ብሎ ፈቀደ። አስካለ የታመመችውን ልጅ ማልያ ለበሰች፤ ጠቧት ነበር። ወደ እኔ መጥታ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ከልጆቹ ጋር ይቀመጡ» አለችኝ።

«ምን እላቸዋለሁ?»

«ውሃ ጠጡ ይበሏቸው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሩትን እኔ እይዛታለሁ። የማትችል ልጅ ከያዘቻት ምን ያህል ጎበዝ እንደሆነች አይታይም» አለችኝ።

አቶ ጳውሎስ ኮቱን ለብሶ ከሰው መካከል ቆሟል። ልጁ ስትጫወት ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

የመጀመሪያው አጋማሽ እንደፈራሁት ነበር። ሩት ኳስ ባገኘች ቁጥር አስካለ ጉልበቷን ሰብራ ፊቷ ትቆማለች፤ ሩትም ኳሱን ለሌላ ልጅ ትሰጣለች። «ነይ እንጂ!» ትላታለች አስካለ። «ምን ያስፈራሻል፣ የሰፈራችሁ ውሻ ነኝ?» ሰው ይስቃል። ሩት አትስቅም። ለዕረፍት ሲወጡ አስካለ የገሱባን ማልያ እንደለበሰች ወደ እኛ መጣችና ሩት ፊት ተቀመጠች።

«ሩት፣ ምን ሆነሻል?»

«ቲቸርን መጋፋት ይከብደኛል።»

«አትጋፊኝ። እለፊኝ።»

ሩት ውሃውን ጠጣች። አስካለ የሩትን ጉልበት ያዝ አድርጋ፣ «እኔን ደስ ማሰኘት ትፈልጊያለሽ?» አለቻት።

«አዎ ቲቸር።»

«እንግዲያስ እለፊኝ።»

ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ ሩት ኳሱን ተቀበለችና ለማንም አልሰጠችም። ወደ አስካለ ሄደች። ልትደርስባት ስትል ቀዘቀዘች። ትከሻዋ ወረደ፣ ዳር ያዘች፣ አንገቷን ደፋች። ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ልጅቷ ለመምህርቷ መንገድ የለቀቀች መሰለው። አስካለ ዘዴውን የፈጠረችው ራሷ ናት፤ ያም ሆኖ ጉልበቷ ሲቀና አየሁ። ኳሱ በጉልበት ሥር ወደ ግራ ተሻገረ። አስካለ ልትዞር ስትል እግሮቿ ተጠላለፉ፤ በጀርባዋ ወደቀች። ማንም አልገፋትም። ቅርጫቱ ፊት ሰው አልነበረም።

ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ «እኔን!» አለ። ሰው ሲወድቅ የምንለው ነው፤ አስበንበት አይደለም፣ አፋችን ራሱ ይለዋል። እኔም ብያለሁ። ሩትም አለች። «እኔን!» ብላ ኳሱን ለቀቀችና ዞረች።

«ሂጂ!» አለች አስካለ ከመሬት። «ሂጂ፣ ሂጂ!»

ሩት ሁለት እጇን ዘርግታ አነሣቻት። የጀርባዋን ቀይ አፈር በመዳፏ አራገፈችላት። ኳሱን የገሱባ ልጅ አንሥታ ሄደች፤ ያየው የለም። ሰው ያጨበጭብ ነበር፤ አንዳንድ እናቶች ዓይናቸውን ጠረጉ። ከአዋሳ ከመጡት አንዱም አጨበጨበ። አጠገቡ ወዳለው ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ነገረውና ሁለቱም ፈገግ አሉ። አስካለ አልተጎዳችም ነበር። ተነሥታ ሩትን ፊት ለፊት አየቻት።

ጨዋታው ከዚያ በኋላም ቀጥሏል። ሩት ግን ኳስ ይዛ ወደ አስካለ አልሄደችም። አስካለ ጠራቻት፣ ሰደበቻት፣ በኋላም ተወቻት። ሲያልቅ ለክልሉ ቡድን የተጠራው ከሌላ ወረዳ፣ ከቢጠና በኩል የመጣች ልጅ ስም ነበር።

አቶ ጳውሎስ ሜዳውን አቋርጦ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ የቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደግፎ፣ የአስካለን እጅ ጨበጠ። ዓይኑ እርጥብ ነበር።

«ቲቸር» አለ፣ «እኔ ኳስ ብቻ የሚያስተምሯት መስሎኝ ነበር። ለካ ልጄን ሰው እያደረጉልኝ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

አስካለ አንገቷን ደፋ አድርጋ ምስጋናውን ተቀበለች። «እግዚአብሔር ያሳድግልዎ» አለችው።

«ከእንግዲህ ኳስ ሌላ ምን ይጨምርላታል? ይበቃታል።» አጠገቡ የቆመች ልጁን ራስ ዳሰሰ። ሩት መሬት መሬት ታይ ነበር። አቶ ጳውሎስ ከልቡ ነው የተናገረው፤ ከዚህ የተሻለ ምስጋና አስካለ በሥራ ዘመኗ ያገኘች አይመስለኝም።

ከአስካለ ጋር አብረን ወደ ሰፈር ሄድን። ማልያውን አላወለቀችውም፤ ሹራቧን ደርባበታለች። የቤቷ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ቆመች።

«አልፋኝ ነበር» አለችኝ።

«አይቻለሁ» አልኳት።

«ልጄን ሰው አደረጉልኝ አለኝ እኮ። ምን ብዬ እመልስለታለሁ?» ጣቶቿ የሹራቧን ጫፍ ይዘው ነበር፤ አይንቀሳቀሱም። «እኔ ማልያውን ባልለብስ ኖሮ አትዞርም ነበር። ለሌላ ሰው አትዞርም ነበር፣ እትዬ።»

ሌላ ሰው ቢወድቅም ትዞር ነበር ብዬ አሰብኩ፤ አልተናገርኩም። እርግጠኛ አልነበርኩም። አስካለ ደህና ይደሩ ብላኝ ገባች።

ቡድኑ ከዚያ በኋላም ጥቂት ዓመት ቆይቷል። አስካለ ታስተምር ነበር፤ ደህናም ታስተምር ነበር። መንገድ መልቀቅን ግን ለአዲሶቹ ልጆች አላስተማረችም። እኔንም ለተከላካይነት አልጠራችኝም። አንድ ቀን፣ «ያንን ዘዴ ለምን ተውሽው?» ብላት፣ «ሌላም ብዙ ዘዴ አለ» አለችኝ። በኋላ የተማሪው ቁጥር ሲበዛ ሜዳው ላይ የመማሪያ ክፍል ተሠራ። አስካለ ልጆቹን በትምህርት ቤቱ በር መግቢያ ላይ አካል ብቃት ታሠራቸው ጀመር።

ሩት ነርሲንግ ተማረች። ዲምቱ በምትባል ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ ተመደበች፣ እዚያው አገባች፣ ሁለት ሴት ልጆች ወለደች። ሰው የሚወዳት፣ በሥራዋ የምትመሰገን ሴት ናት፤ ተጎዳች የሚል የለም። በየዓመቱ ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ በዓል፣ ቅቤ ይዛ አስካለ ቤት ትመጣ ነበር። እኔም አንዳንዴ እደርሳለሁ። ቅቤው የተቀላቀለበት የበዓሉ ምግብ፣ ሙቹዋ፣ ቀርቦ እንበላለን፤ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤና ጣቢያው መድኃኒት እጥረት ይወራል። አቶ ጳውሎስ በሕይወት ሳለ አብሯት ከመጣ የዚያን ቀን ታሪክ ያነሣል። ሁለቱ ሴቶች ፈገግ ይላሉ። አስካለ፣ «ብሉ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» ትላለች።

አስካለን ስኳር በሽታ ይዟት ኖሯል። እግሯ ላይ ቁስል ወጥቶ አልድን አለ። ሆስፒታል ስጠይቃት፣ ዓይኗን ጣሪያው ላይ አድርጋ ስለ ሌላ ነገር ታወራኝ ነበር። ባለፈው ክረምት ትንሽ ተሽሏት ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ እኔም ተስፋ አድርጌ ነበር።

ቀብሯ ላይ ብዙ ሰው ነበር፤ አብዛኛው ያስተማረቻቸው ናቸው። ሰባኪው ወጣት ነው፣ አስካለን በአካል አያውቃትም። ከጎረቤት የሰማውን ታሪክ ተናገረ፦ ልታሸንፍ ስትል ለወደቀች መምህርቷ የዞረች ተማሪ። «እኅታችን ያስተማረችው ይህንን ነው» አለ። «ለራሱ ከመሮጥ ይልቅ ለወደቀው መዞርን።» ሰው አለቀሰ። የሩት ትልቋ ልጅ፣ ዘጠነኛ ክፍል ትሆናለች፣ እናቷን ቀና ብላ አየቻት፤ አስተያየቷ ኩራት ነበረበት።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ሩት አጠገቤ ተቀመጠች። ልጆቿ ለቀስተኛውን እጅ እያስታጠቡ ነበር። ፊቷን ወደ እነሱ እንዳደረገች ተናገረች።

«የዚያን ቀን ከእርስዎ ጋር ነው ወደ ቤት የሄደችው።»

«አዎ።»

«ደስ ብሏት ነበር?»

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ለለቅሶ ቤት የሚሆነውን መልስ አውቀዋለሁ፤ ማንም ያውቀዋል። ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«አልተደሰተችም» አልኳት።

ሩት ልጆቿን እያየች ራሷን ነቀነቀች። አልደነገጠችም።

«አውቃለሁ» አለች። «እኔም አልተደሰትኩም።»

ከዚያ ቀጠለች። «በየጊፋታው ይኼንን ልነግራት ነበር የምመጣው። በሩ ላይ ቅቤውን ተቀብላኝ ግቢ ስትለኝ ሳልነግራት እቀር ነበር።»

ከገሱባ የመጡ ለቀስተኞች ከመኪና ሲወርዱ የለቅሶው ድምፅ ከበሩ ተሰማ። ሩት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ልትቀበላቸው ተነሣች። እኔ ባለሁበት ቀረሁ።